ችግኝ ላይ ያለችውን ጥቁር ትንኝ በራሳችን ሰፈር ጢንዚዛ መቆጣጠር፦ ጅማ ላይ እንዴት እንደምሠራው

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ያንኑ ቪዲዮ ይልክልኛል። አንድ ፈረንጅ ከባልዲ ውስጥ ትንንሽ ጥቁር ጢንዚዛ እያፈሰ የትንኟን እጭ እንዲበላለት ችግኝ ላይ ይበትናል፣ ከስሩ ደግሞ "ይሄን ከየት ነው ምናገኘው? ጅማ ይኖራል? ውጭ ያለው ወንድሜ ቢልክልኝስ?" የሚል ጥያቄ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ከረምኩ፣ አሁን ባንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቃችሁም ይሄንኑ ላኩለት።

አጭሩ መልስ፦ አታስመጡት። እዚሁ ጓሯችሁ ውስጥ የሱ ዘመዶች አሉ፣ ይዞ ማዛወር ነው ያለባችሁ። ረጅሙ መልስ ከታች ነው።

መጀመሪያ ቪዲዮው ላይ ያለው ምንድነው

ስሙ ዳሎቲያ ኮሪያሪያ ይባላል፣ ቆየት ባሉ ጽሑፎች ላይ አቴታ ኮሪያሪያ ብላችሁም ታገኙታላችሁ፣ ያው አንድ ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ካምፓኒዎች እያራቡ ለግሪንሃውስ ይሸጡታል፣ በዚህም ምክንያት ከትውልድ ቦታው ውጪ ብዙ አገር ገብቷል። አፈር ውስጥ ያለ የትንኝ እንቁላልና እጭ ይበላል፣ ፑፓ ለመሆን (እጩ ወደ ሙሉ ነፍሳት ሚለወጥበት ደረጃ ነው) ወደ አፈር የወረደ ትሪፕስ ሚባል ትንሽዬ የቅጠል ተባይም ይበላል፣ ያደገው ብቻ ሳይሆን የጢንዚዛው እጭም አዳኝ ነው። ባንድ ቀን ከ10 እስከ 20 ያህል ይጨርሳል፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከእንቁላል ተነስቶ በ3 ሳምንት ገደማ አድጎ ያልቃል።

እና ለምን አይመጣም? አንደኛ ይበራል፣ በደንብ ነው ሚበረው። ችግኝ ጣቢያችሁ ላይ በትናችሁት ማታ ጎረቤት ማሳ ላይ፣ ከዛ ጫካ ውስጥ ነው፣ ተመለስ ብትሉት አይመለስም። ሁለተኛ ምግብ አይመርጥም፣ ትንኝ ሲያልቅበት ሌላ ያገኘውን ትንሽ ነገር ይበላል። የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ኦሲፐስ ኦለንስ ሚባል ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ሚደርስ የአውሮፓ ጥቁር ጢንዚዛ አለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1931 (በፈረንጆቹ) ተገኘ፣ እስካሁንም እዛው ነው። ቀንድ አውጣ ስለሚበላ ይወዱታል ግን የመሬት ትልም ይበላል፣ የመሬት ትል ደግሞ አፈሩን ሚሠራልን ነው። ሦስተኛ ሕይወት ያለው ነፍሳት ወደ አገር ለማስገባት የግብርና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በሻንጣ ወይ በፖስታ ማስላክ አይቻልም። እምቦጭ ጣና ላይ ምን እንዳደረገ አይተናል፣ በሱ ይብቃን።

ጢንዚዛው ያለበት ቤተሰብ ስታፊሊኒዴ ይባላል፣ በሳይንስ የተመዘገበው ብቻ ከ60,000 ዝርያ በላይ ነው። ስለዚህ ቡና ገለባ ክምር ስር፣ ኮምፖስት ውስጥ፣ እርጥብ ቅጠል ስር የራሳችን አሉ። እኔ ከዚህ በኋላ "አጭር ክንፍ" እያልኩ ነው ምጠራቸው ምክንያቱም ሰው ሁሉ ባንዴ ሚገባው እንደዛ ስል ነው።

ሚያስፈልጋችሁ ነገር

- 6 ወይም 8 ባዶ ሃይላንድ (የግማሽ ሊትሩ ይበቃል) እና መቀስ
- አንድ ትልቅ ድንች
- ነጭ ጨርቅ ወይ አሮጌ አንሶላ
- ሽሮ ሚነፋበት ሳይሆን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ወንፊት፣ ቀዳዳው 5 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው
- የሥዕል ብሩሽ፣ ለስላሳ፣ ትንሹ
- ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ
- ክዳን ያላቸው 4 የጃም ብልቃጦች (ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ)
- በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ የቡና ገለባ፣ አንድ ባልዲ
- ባትሪ፣ የስልክም ይሆናል
- ሳሙናና ውሃ አጠገባችሁ፣ ይሄን እንዳትረሱ

አስቀድማችሁ ይሄን አንብቡ፣ ሳታነቡ እጃችሁን ኮምፖስት ውስጥ አትክተቱ

ከአጭር ክንፎቹ ውስጥ አንዱ ቆዳ ያቃጥላል። ፔደረስ ይባላል፣ ብዙ ሰው ናይሮቢ ፍላይ ብሎ ነው ሚያውቀው። መልኩ አያሳስትም፦ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ አንገቱ አካባቢ ብርቱካናማ፣ አጭሯ ክንፍ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ሆና ምታብለጨልጭ፣ ሆዱ ብርቱካናማ ጫፉ ጥቁር። ርዝመቱ ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር፣ ሲሮጥ ጉንዳን ይመስላል። አይነክስም አይነድፍም፣ ግን ቆዳ ላይ ስትጨፈልቁት ደሙ ውስጥ ያለው ፔደሪን ሚባል መርዝ ይወጣል። ተንኮሉ ወዲያው አለመታወቁ ነው፣ 12 ሰዓት ወይ አንድ ቀን ቆይቶ ነው ቀይ ሆኖ ሚነሳው፣ ከዛ ውሃ ይቋጥራል፣ በተጨፈለቀበት መስመር ረዘም ብሎ ስለሚወጣ አልማዝ ባለጭራ ሊመስል ይችላል።

እኔ ባለፈው ክረምት ማታ መብራት ስር ቁጭ ብዬ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ሲሄድ ሳላየው በእጄ ጠርጌ ጣልኩት። በነጋታው ምንም፣ በሦስተኛው ቀን ከጆሮዬ ስር እስከ ትከሻዬ የተቃጠለ መስመር ነበር። እጄን ሳልታጠብ ዓይኔን ባለማሸቴ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፣ ዓይን ከነካ ከባድ ነው።

ስለዚህ ሰውነታችሁ ላይ ካያችሁት እፍ በሉት ወይ ወረቀት አስጠግታችሁ ወረቀቱ ላይ ይውጣ። ከተጨፈለቀባችሁ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ልብሱንም እጠቡ። ዓይን ከሆነ በውሃ አጥባችሁ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሎሚ ወይ ምናምን አትቀቡበት። ፔደረስም ራሱ ተባይ በላ ስለሆነ አትፍጁት፣ ከቤትና ከችግኝ ርቃችሁ ልቀቁት በቃ።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ትንኟ መሆኗን አረጋግጡ

ችግኝ ስትነኩ ብር ብላ ምትነሳ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ምትሆን ቀጭን ጥቁር ትንኝ ካለች ምናልባት እሷ ነች። ግን ጉዳት ሚያደርሰው እጩ ነው፣ እጩን ሳታዩ ሥራ አትጀምሩ። ድንቹን 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ቆራርጡት፣ ችግኝ መደቡ ላይ እርጥብ አፈር ላይ ጫን አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በየሜትሩ አንድ። በ2ኛው ወይ በ3ኛው ቀን ገልብጡት። እጩ ድንቹን ይወዳል ስለዚህ ከስር ይሰበሰባል፦ ውስጡ ሚታይ ነጭ ትል፣ እስከ 5 ሚሊሜትር፣ ጭንቅላቱ ብቻ ጥቁር ሆኖ ሚያብረቀርቅ። ያ ጥቁር ጭንቅላት ነው ምልክቱ።

በየቁራጩ ስር ስንት እንዳለ ቁጠሩና ጻፉት። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ ከወር በኋላ ግን ለውጥ መጣ አልመጣም ሚለው ሚታወቀው በዚህ ቁጥር ብቻ ነው።

ድንቹ ስር ምንም ከሌለና ችግኛችሁ ግን ከግንዱ ስር እየቀጠነ ሚወድቅ ከሆነ ያ ፈንገስ ነው፣ ጢንዚዛ ምንም አይሠራለትም፣ ውሃውንና ጥላውን ነው ምታስተካክሉት።

ደረጃ 2፦ ውሃ ቀንሱ

ጅማ ላይ የቡና ችግኝ ሚፈላው በበጋ ነው፣ ከታህሳስ ጥር ጀምሮ እስከ ዝናቡ መግቢያ በየቀኑ እያጠጣን ነው ምንቆየው። ትንኟ እንቁላሏን ምትጥለው የላይኛው 2 እና 3 ሴንቲሜትር እርጥብ ሆኖ ሲቆይላት ነው። ስለዚህ ማታ ማጠጣት አቁሙ፣ ጠዋት አጠጡና ማታ ላይ ላዩ ጠፍ እስኪል ይድረቅ። ጠዋት ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ አስገቡ፣ ከስር እርጥብ ከሆነ ውሃ አያስፈልግም። ይሄን ሳታደርጉ ጢንዚዛ ብታመጡ እሱ ከሚበላው በላይ ትንኟ ትፈለፍላለች።

ደረጃ 3፦ ወጥመዱን ሥሩ

ሃይላንዱን ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ቁረጡት። አፉን ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ ክተቱት፣ ክዳኑ አይኖርም። ወደ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ለስላሳው ግድግዳ ላይ መውጣት ያቅታቸዋል። ታቹን በትኩስ መርፌ 4፣ 5 ቦታ ብሱት፣ ዝናብ ከመጣ ውሃው እንዲወርድ። ውስጡ ሁለት ጣት ያህል እርጥብ የበሰበሰ ቅጠል ጨምሩ። ቅጠሉ ለምቾት ብቻ አይደለም፣ መደበቂያ ካጡ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ጠዋት ስትመጡ አንድ ትልቅ ብቻ ጠግቦ ይጠብቃችኋል።

የሳሙና ውሃ አትጨምሩ። ኢንተርኔት ላይ ያለው አሠራር ብዙው ለጥናት ገድሎ ለመቁጠር ነው፣ እኛ ግን በሕይወት ነው ምንፈልጋቸው።

ደረጃ 4፦ ቦታ መምረጥ

የወጥመዱ አፍ ከመሬት ጋር እኩል መሆን አለበት። ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ ከፍ ካለ መጥተው ይዞራሉ እንጂ አይገቡም፣ ጠርዙን አፈር ሙሉበትና በጣታችሁ አስተካክሉት። ከላይ በሦስት ድንጋይ ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ ወይ የቆርቆሮ ቁራጭ አድርጉ፣ ለዝናብም ለዶሮም።

የት? የበሰበሰ የቡና ገለባ ክምር ጠርዝ፣ ከሙዝ ስር፣ ከእንሰት ስር፣ ኮምፖስት ጉድጓድ አጠገብ። አዌቱ ወንዝ ዳር ያላችሁ ወይ ወደ ቦዬ ረግረግ በኩል ያላችሁ እርጥበት ስላላችሁ ይቀላችኋል። ትኩስ እበት ውስጥም ብዙ አለ፣ እነዛ የዝንብ ትል እያደኑ ነው እበት ውስጥ ሚኖሩት፣ ግን ችግኝ መደብ ላይ ብታመጧቸው ወደ እበታቸው ነው ሚሄዱት፣ እኔ ሞክሬ አንድም አልቆየልኝም። ከኮምፖስትና ከቅጠል ስር የመጡት ናቸው ሚቀመጡት። የዶሮ ኩስ ትኩሱን ደግሞ ጭራሽ አትጠጉ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ክፈቱት፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት እዩት። ፀሐይ ካገኘው ሃይላንድ ምድጃ ነው።

ወጥመድ ካስቸገራችሁ ቀላሉ መንገድ ደግሞ አለ፦ እርጥብ ኮምፖስት ትንሽ በትንሽ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ነጩ ጨርቅ ላይ ንፉት። ሚሮጠው ሁሉ ጨርቁ ላይ ይታያችኋል።

ደረጃ 5፦ መለየት

ጨርቁ ላይ ምትፈልጉት፦ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ቡናማ ወይ ጥቁር፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር፣ ክንፉ እንደ አጭር ጃኬት ጀርባውን ብቻ ሸፍኖ ሆዱ በሙሉ ከኋላ ተጋልጦ ሚታይ። በብሩሹ ጫፍ ነካ ስታደርጉት ጭራውን እንደ ጊንጥ ወደ ላይ ያነሳል። ብዙ ሰው እዚች ጋ ደንግጦ ይጨፈልቀዋል፣ መርፌ የለውም፣ ማስፈራራት ነው።

ጭራው ላይ እንደ ወረንጦ መቆንጠጫ ካለው ያ ሌላ ነፍሳት ነው፣ ክንፉ አጭር ስለሆነ ይመሳሰላል እንጂ ዘመድም አይደለም፣ ለስላሳ ቅጠል ሊበላ ስለሚችል ተዉት። ብርቱካናማውን ከላይ ብያለሁ። ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ሚሆኑትንም መልሱ፣ እነሱ የመሬት ትልም ስለሚደፍሩ።

በጣት አታንሱ። በብሩሹ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ብልቃጡ።

ደረጃ 6፦ የአንድ ሌሊት ፈተና

ይሄ ደረጃ ነው ልዩነት ሚያመጣው። ሁሉም አጭር ክንፍ ሥጋ በላ አይደለም፣ ፈንገስና የበሰበሰ ነገር ብቻ ሚበሉ አሉ፣ በዓይን አይቶ መለየት ለኔም ለናንተም ከባድ ነው። ስለዚህ ራሳቸው ይንገሩን።

ከድንቹ ስር ካገኛችሁት እጭ 20 20 ቆጥራችሁ አራቱም ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ፣ ከስር አንድ ጣት እርጥብ አፈር ይኑር፣ ግን አፈሩን በፊት በፈላ ውሃ አርሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ሌላ አዳኝ እንዳይኖርበት። ሦስቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ሚመስሉ ጢንዚዛዎች ሁለት ሁለት ጨምሩ። አራተኛው ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ እጩ በራሱ ስንት እንደሚሞት ሚነግራችሁ እሱ ነው። ጨለማ ቦታ አሳድሯቸው፣ ጠዋት አፈሩን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግፋችሁ ቁጠሩ።

አራተኛው ላይ 18 ወይ 19 ተገኝቶ ጢንዚዛ ያለበት ላይ 5 ወይ 6 ከቀረ፣ አገኛችሁ። እኩል ከሆነ ያ ዓይነት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ወደ ኮምፖስቱ መልሱት።

አንድ ምሽት በባትሪ ቁጭ ብዬ አየሁት። ጢንዚዛዋ ቆማ አንቴናዋን አፈሩ ላይ መታ መታ ታደርጋለች፣ ከዛ ጭንቅላቷን ስንጥቅ ውስጥ ትከታለች፣ እና ያን ነጭ እጭ ከአንገቱ ይዛ ወደ ኋላ እየጎተተች ታወጣዋለች። ከሷ ይረዝማል እኮ። እጩ ሲጠማዘዝ አትለቅም፣ መሃሉን ነክሳ ፈሳሹን ትመጥጣለች፣ ሚቀረው ባዶ ቆዳና ያ ጥቁር ጭንቅላት ነው። ስለዚህ ጠዋት ሳህኑ ላይ ጥቁር ጭንቅላቶች ብቻ ካያችሁ ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ።

ደረጃ 7፦ ማደሪያ አዘጋጁና ልቀቁ

ከመልቀቃችሁ በፊት ፖቶቹ መሃል ወይ መደቡ ጠርዝ ላይ፣ በየሁለት ሜትሩ፣ አንድ አንድ ጭብጥ የበሰለ ኮምፖስት ወይ የበሰበሰ ገለባ አስቀምጡና በቅጠል ክደኑት። ቅድም ላዩ ይድረቅ ብያለሁ፣ አሁን ደግሞ እርጥብ በሉ ስላችሁ እንዳይጋጭባችሁ፦ ችግኙ ያለበት ላዩ ይደርቃል፣ እነዚህ ጭብጦች ግን ሁልጊዜ እርጥብ ይሁኑ። ጢንዚዛው ቀን እዛ ይደበቃል፣ እንቁላሉንም እዛ ይጥላል፣ ማታ ወጥቶ ያድናል። ማደሪያ ከሌለው በመጀመሪያው ሌሊት ጥሏችሁ ይሄዳል።

ምትለቁት ማታ ነው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ። እኔ በካሬ ሜትር እስከ 10 ነው ምለቀው፣ በሳምንቱ እደግማለሁ፣ ከዛ በሳምንቱ እደግማለሁ። ባንዴ 50 አንድ ቦታ ማፍሰስ ጥቅም የለውም፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ኮምፖስቱንም ባዶ አታስቀሩት፣ ካገኛችሁት ግማሹን ተዉ፣ ቀሪው እዛው ይራባና በሚቀጥለው ወር ደግሞ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 8፦ እንደገና ድንች

በ3ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት ያንኑ የድንች ቁራጭ፣ ያንኑ ቦታ፣ ለያንኑ ያህል ቀን። ቁጥሩን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ምትበረውን ትንኝ አይታችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ የትንኟ ዑደት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ አፈር ውስጥ የነበረው ወጥቶ እስኪያልቅ መብረሩ አይቀርም፣ መጀመሪያ ሚቀንሰው ድንቹ ስር ያለው ነው።

ሰው ሁሉ ሚሳሳትባቸው

ጢንዚዛ ለቆ መድኃኒት መርጨት። በብዛት ሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ማላታይንም ሆነ ሌላ የተባይ መድኃኒት አይመርጥም፣ መጀመሪያ ሚሞተው መሬት ለመሬት ሚሮጠው ነው፣ ትንኟ ግን ከጎረቤት በርራ ትመለሳለች። በቅርብ ረጭታችሁ ከሆነ አትልቀቁ፣ ቢያንስ አንድ ወር ቆዩ፣ ከዛም መጀመሪያ ሁለት ሦስት ብቻ ብልቃጥ ውስጥ በዛ አፈር ላይ አሳድራችሁ እዩ።

ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት መደቡ ላይ ዝቅ አድርጎ መስቀል። ለትንኟ ጥሩ ነው ግን ጢንዚዛውም ሲበር ይለጠፍበታል። ከለቀቃችሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት አንሱት።

ያልበሰለ ኮምፖስት ማደሪያ ማድረግ። ገና ሚሞቅ ከሆነ ጢንዚዛውን ያባርራል፣ ትንኟን ደግሞ ይጠራል። እጃችሁን ስታስገቡ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ሽታውም የጫካ አፈር ሽታ።

ጉንዳን መንገድ ላይ ማስቀመጥ። ጉንዳን ከገባበት ባንድ ሌሊት ማደሪያውን ይጠርገዋል፣ መንገዱን አይታችሁ ማደሪያውን አዛውሩት።

ማታ ችግኝ ጣቢያ ላይ አምፖል ማብራት። ፔደረስን ሚጠራው መብራት ነው፣ በተለይ በዝናብ ወራት። ሥራ ካላችሁ በባትሪ ሠርታችሁ አጥፉት።

በ6ኛው ሳምንት ቁጥሩ ከመጀመሪያው ግማሽ ካልወረደ ጢንዚዛ አትጨምሩ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፣ እኔ ጋ ከመጡት ውስጥ አብዛኛው ላይ ችግሩ አሁንም ማታ ማታ ሚያጠጣ ሰው መኖሩ ነበር።